የሐር ትል ተረፈ ምርትና የዓሣ ኩሬ በፐርል ወንዝ ደልታ

በደቡብ ቻይና የጓንግዶንግ ግዛት፣ ፐርል ወንዝ በብዙ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ ወደ ባሕር የሚገባበት ደልታ፣ ማለትም ወንዙ ይዞት የመጣውን ደለል ያነጠፈበት ረባዳ ሜዳ፣ ጎርፍ የሚበዛበት በመሆኑ ነዋሪዎቹ ረግረጉን ቆፍረው ኩሬ ሲያበጁ፣ የወጣውንም አፈር በዙሪያው እየከመሩ ግድብ ሲሠሩ ኖረዋል። በግድቦቹ ላይ ቀድሞ የሚተከሉትን የፍራፍሬ ዛፎች፣ በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1368–1644)፣ ቅጠሉ ለሐር ትል ምግብ የሚሆነው ማልበሪ የተባለው ዛፍ ቀስ በቀስ ይተካቸው ጀመር፤ «የማልበሪ ግድብና የዓሣ ኩሬ» የሚባለው የእርሻ ሥርዓትም የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው።

የሥርዓቱ አሠራር የአንዱ ተረፈ ምርት ለሌላው ግብዓት እንዲሆን የታሰበበት ነበር። ቅጠሉ ተለቅሞ ለትሉ ይቀርባል፤ የትሉ ኩስና በልቶ የተወው የቅጠል ቅሪት ወደ ኩሬው ይጣላል፤ ትሉ በዙሪያው የሚፈትለው ኩኩን የተባለ ሽፋን በፈላ ውኃ ተነክሮ ክሩ ሲተረተር ደግሞ በውስጡ ፑፓ ይገኛል። ፑፓ ትሉ ወደ እሳት እራትነት ከመለወጡ በፊት ሳይበላ የሚቆይበት ደረጃ ሲሆን፣ ሲደርቅ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ፕሮቲን፣ ሩብ ያህሉም ቅባት ነው። በአንድ ኩሬ ልዩ ልዩ የካርፕ ዝርያዎች አብረው ይረቡ ነበር፦ ሣር በሉ ካርፕ ቅጠላ ቅጠሉን ሲመገብ፣ የእርሱ ጽዳጅና የትሉ ኩስ ውኃውን አዳብሮ በዐይን የማይታዩ ዕፀዋትንና እንስሳትን ያበዛል፤ እነዚህን ደግሞ ሌሎቹ ካርፖች እያጠለሉ ይመገባሉ፤ የጭቃ ካርፕ የሚባለው ከሥር የሚዘቅጠውን ይለቅማል። በመጨረሻም የኩሬው ደለል እየተዛቀ ወደ ግድቡ ስለሚመለስ ማልበሪው ማዳበሪያውን ከዚያው ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1757 ሚንግን የተካው የቺንግ መንግሥት የምዕራባውያንን የባሕር ንግድ በደልታው ባለው የጓንግዡ ወደብ ብቻ እንዲወሰን ማድረጉ የሐርን ተፈላጊነት በአካባቢው ከፍ ስላደረገው፣ በሹንደና በናንሃይ ወረዳዎች የሩዝ ማሳዎች ሳይቀሩ ወደ ኩሬና ግድብ ተለወጡ። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ቼን ቺዩዋን የተባለ ነጋዴ በናንሃይ በእንፋሎት የሚሠራ የሐር መፍተያ አቋቁሞ፣ የቤት ውስጥ ሥራ የነበረው የክር ማውጣት ሙያ ወደ ፋብሪካ መሻገር ጀመረ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ገበሬው ነፍሳቱን ያረባው ለዓሣው ብሎ አልነበረም። የመኖው ርካሽነት የመጣው የትሉን ወጪ ሐሩ አስቀድሞ ስለሸፈነው ነው፤ ስለዚህም ከ1929 የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ የሐር ዋጋ ሲወድቅ ማልበሪው በብዙ ቦታ ለሸንኮራ አገዳ ስፍራውን ለቀቀ፣ ፑፓውም አብሮት ተመናመነ።

በጃፓን የናጋኖ ግዛት፣ በሳኩ አካባቢ፣ የሐር ትል ፑፓ እንዲሁ የካርፕ ዋና መኖ ሆኖ ያገለግል ነበር። በዚያች አገር የተገኘው ልምድ ግን የመኖውን ደካማ ጎንም አሳይቷል፤ ቅባቱ አየር አግኝቶ የተበላሸ ፑፓ የተመገቡ ካርፖች የጀርባቸው ጡንቻ እየመነመነ፣ የስኳር በሽታ የሚመስል ምልክት ይታይባቸው የነበረ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች በኋላ ቫይታሚን ኢ በመጨመር ጉዳቱን መከላከል እንደሚቻል አረጋግጠዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመኖ ገበያውን የያዘው የዓሣ ዱቄት፣ ማለትም ከባሕር ተይዘው፣ ደርቀውና ተፈጭተው የሚቀርቡ ትናንሽ ዓሦች ውጤት ነው። በዚህ ንግድ ቀዳሚ የነበረችው ፔሩ በ1970 አንቾቬታ የተባለውን ትንሽ ዓሣ ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ ብታጠምድም፣ ኤልኒኞ የተባለው የባሕር ሙቀት መጨመር ባስከተለው ለውጥና በመጠን ባለፈው አጠማመድ ምክንያት ምርቱ በ1972 እና በ1973 አሽቆለቆለ፤ ሌላ የፕሮቲን ምንጭ የመፈለጉም ጉዳይ ክብደት አገኘ። የአውሮፓ ኅብረት ግን የእብድ ላም በሽታን ለመግታት በ2001 ከእንስሳት የተዘጋጀ ፕሮቲን ለእርባታ እንስሳት እንዳይሰጥ ከልክሎ፣ ክልከላውም ነፍሳትን ያካተተ ስለነበር፣ ጥቁር ወታደር ዝንብን ጨምሮ ሰባት የነፍሳት ዝርያዎች በዓሣ መኖ እንዲገቡ የፈቀደው በ2017 ነው። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በቻይና የዠጂያንግ ግዛት ሁዡ የሚገኘውን ተመሳሳይ የግድብና የኩሬ ሥርዓት በእርሻ ቅርስነት መዝግቧል።

ለዘመናት ያገለገለው የሐር ትል በኅብረቱ ዝርዝር ውስጥ ስምንተኛ ሆኖ የገባው በ2021 ብቻ ነው። የተፈቀደው ግን ከትሉ የሚዘጋጀው ፕሮቲን እንጂ ኩሬውን ያዳብር የነበረው ኩስ አይደለም፤ ኩሱ በሕጉ ከፍግ ስለሚመደብ በመኖነት ማቅረብ ክልክል ነው። ነፍሳቱም እንደ እርባታ እንስሳ ስለሚቆጠሩ ፍግም ሆነ የወጥ ቤት ትርፍራፊ እንዲመገቡ አይፈቀድም፤ አርቢው ንጹሕ መኖ ይገዛላቸዋል፣ ከሐር ትል በቀር ግን ወጪያቸውን የሚሸፍንለት ሐር የለውም።