ድንጋይ የሚጋግር ውኃ

ፍልውኃ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የአዲስ አበባው ነው። ዛሬ ለውድ አንባቢያን የማወጋው ግን በዚሁ በምንኖርበት አገር፣ በአሜሪካ፣ በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሚገኘው ማሞዝ ፍልውኃ ነው። ባለፈው ሐምሌ ከቤተሰቤ ጋር ሄጄ አይቼዋለሁ።

ከሩቅ ሲያዩት በረዶ የለበሰ እርከን ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የዝናብና የበረዶ ውኃ ወደ ምድር ሰርጎ በእሳተ ገሞራ ሙቀት ይግላል፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተደባልቆም የኖራ ድንጋዩን ያሟሟል። ወደ ላይ ሲወጣ ጋዙ ይተናል፤ ኖራው ግን እየተጋገረ እርከን በእርከን ይከመራል። ቢጫውና ቡናማው ቀለም ሙቀት ከሚወዱ ደቂቅ ሕዋሳት የመጣ ነው። ምንጩ መንገዱን ሲለውጥ እርከኑ ደርቆ ይገረጣል። ‹‹የነፃነት ቆብ›› የተባለው 11 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ዓምድም ውኃው የተለየው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1871 በፈርዲናንድ ሄይደን የተመራ የጥናት ቡድን ሥፍራውን ጎበኘ። የዊሊያም ጃክሰን ፎቶግራፎችና የቶማስ ሞራን ሥዕሎች የኮንግሬስ አባላትን ለማሳመን ረዱ፤ ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንትም ማርች 1 ቀን 1872 ሕጉን ፈረሙ። የሎውስቶን የዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ሆኖም በጀትም በቂ ጠባቂም አልነበረውም። ጎብኚው እርከኑን እየሰበረ ለመታሰቢያ ይወስድ፣ አዳኙም አውሬውን ይፈጅ ነበር። በመጨረሻ በ1886 ፈረሰኛ ጦር መጥቶ እስከ 1918 ድረስ ጠበቀው። አዲስ አበባ በፊንፊኔ ፍልውኃ አጠገብ የተቆረቆረችውም በዚያው በ1886 መሆኑ ይገርማል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። በዚያ ምድር ሰው ከ11,000 ዓመት በላይ ኖሯል። ቱኩዲካ የሚባሉት የተራራ ሾሾኒዎች ፓርኩ ሲቋቋም እዚያው ነበሩ። በኋላ ከአገራቸው እንዲወጡ ተደረገ። ይባስ ብሎም ‹‹ነባሮቹ የሚፍለቀለቀውን ውኃ ስለሚፈሩ አይጠጉትም›› የሚል ወሬ ተነዛ። በፍልውኃዎቹ አቅራቢያ የተገኙት የጥንት የሰፈራ ዱካዎች ግን ወሬውን ሐሰት አድርገውታል።

የራሱን ታሪክ ያልጻፈ ሕዝብ፣ ሌላው እንደ ፈቀደው ይጽፍለታል። ማኅበራችን 10 ዓመት ሲሞላው፣ አጀማመሩን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ሳሉልን ጠይቀን እንጻፍ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ማሞዝን ጎብኙ። ከእንጨቱ መተላለፊያ ግን አትውረዱ፤ ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ውኃውም ያቃጥላል።