ድንኳንና መጋዘን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ አዋሽን በመልካ ቁንጥሬ በኩል ተሻግሮ ወደ ቡታጅራ የሚወርድ መንገደኛ ጥያ ሲደርስ ዐይኑን የሚስቡት የድንጋይ ሐውልቶች ናቸው። ሰይፍና ልዩ ልዩ ምልክት የተቀረጸባቸው እነዚህ ሐውልቶች በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። የጥንት ታሪክ መርማሪዎች ቆፍረው እንደ ደረሱበት በሥራቸው መቃብር አለ፤ ስለዚህ የተተከሉት ሳይነቃነቁ እንዲኖሩ ነው። እኛ ግን ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም እንዲነቀል ተብሎ ስለሚተከለው፣ ዕቃንና እህልን ለጥቂት ጊዜ ስለሚጠብቀው ስለ ድንኳን ነው።

ነገሩን እንድናስብበት ያደረገን ባንድ የግንቦት መጨረሻ ቀን በዚያው በጥያ ያየነው ነው። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ እህላቸውን በሸራ ድንኳን ውስጥ ያስደረድሩ ነበር። ጆንያው መሬት እንዳይነካ ከታች ድንጋይና እንጨት ረብርበው፣ ዙሪያውን ቦይ አስቆፍረዋል። ለጥቂት ሳምንት ማቆያ ይህን ያህል ድካም ለምን እንዳስፈለገ ብንጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ሸራው የላዩን ውኃ ይመልስልሃል፤ የታቹን የምትመልሰው አንተ ነህ» አሉን።

የአገራችንን ታሪክ ስንመለከት መንግሥቱ ራሱ ለብዙ ዘመን በድንኳን ይኖር እንደ ነበረ እናገኛለን። ዛሬ በግንብና በአስፋልት የምናውቀው «ከተማ» የሚለው ቃል በጥንት ጊዜ የንጉሥን የጦር ሰፈር ያመለክት ነበር። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ተንቀሳቃሽ ከተማ አይቶ ጽፏል። እርሱ እንደ መሰከረው፣ ሰፈሩ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ቢዘዋወርም ሥርዐቱ አይለወጥም፤ የንጉሡ ድንኳን፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወጥ ቤቱ፣ ገበያው፣ መኳንንቱም በቀኝና በግራ የታወቀ ቦታ አላቸው። የንጉሡ ዕቃም የራሱ ድንኳንና የራሱ ጠባቂ ነበረው። እንግዲህ ንብረቱን የሚጠብቀው ጨርቁ ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ነገር ቦታውን፣ እያንዳንዱም ሰው ኀላፊነቱን ማወቁ ነበር።

አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር መነሻዋ በፍል ውኃ አካባቢ የሰፈረው የድንኳን ሰፈር ነው። መኳንንቱ በየጉብታው ሰፈሩ፤ ድንኳኑ ወደ ቤት፣ ቤቱም ወደ መንደር ተለወጠ፤ እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር ያለው ስም ግን የመጀመሪያውን ነገር እስከ ዛሬ ይነግረናል።

ጊዜያዊ ማከማቻ ምን ያህል ከባድ ጕዳይ እንደ ሆነ የዐድዋ ዘመቻ በግልጽ ያሳያል። በ1888 ዓ.ም. ከመላው አገር ተጠርቶ የዘመተው ሠራዊት ስንቁን በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ተሸክሞ ወደ ትግራይ ተጓዘ። የካቲት ሲደርስ በዐድዋ አጠገብ በሰፈረው ሠራዊት ዘንድ ስንቅ እየሳሳ ሄዶ ነበር፤ የጠላትም ጦር በዚሁ ችግር ተይዞ ነበር። ስለዚህ የካቲት 23 ቀን የሆነውን ድል ስናስታውስ፣ ከጦሩና ከጋሻው ጋራ ስንቅ ያደረሰውንና የጠበቀውን ሰው ልንዘነጋ አይገባም።

በኋለኛው ዘመን ደግሞ ብዙ መከራ ያየንበት 1977 ዓ.ም. መጣ። በዚያን ጊዜ የአገራችን ወደብ በነበረው በአሰብ፣ ከመጋዘኑ ዐቅም በላይ የሆነው የእርዳታ እህል በሜዳ ላይ በሸራ ተሸፍኖ የጭነት መኪና ይጠብቅ ነበር። የተራበው ሰው ግን በሰሜን ደጋ ላይ ነበር። በመካከሉ የነበረውን ርቀት የሚያሻግረው መንገድ፣ መኪናና ማከማቻ ብቻ ነው።

ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚውለው ድንኳን ከቀድሞው እጅግ የተሻሻለ ነው። ዐፅሙ ቀላል የአሉሚኒየም ብረት፣ ልብሱ በፕላስቲክ የተለበጠ ጠንካራ ሸራ ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከሚገለገልባቸው ዐይነቶች አንዱ 10 ሜትር ስፋትና 32 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን ወደ 500 ቶን እህል ይይዛል። የግንብ መጋዘን ለመሥራት ወራት ሲያስፈልግ፣ ይህ ግን በጥቂት ቀን ተተክሎ፣ ሥራው ሲያበቃ ተነቅሎ ወደ ሌላ ሥፍራ ይሄዳል። ይሁን እንጂ የተስተካከለ መሬት፣ የውኃ መውረጃ ቦይ፣ ከጆንያው በታችም የእንጨት ርብራብ ይፈልጋል። የጥያው ሽማግሌ ያሉትም ይህንኑ ነው።

እኛም ባንድ መሥሪያ ቤት የንብረት መዝገብ በያዝንበት ጊዜ ይህን በገዛ ጥፋታችን ተምረናል። ለሦስት ወር ተብሎ የተተከለ ድንኳን ሁለት ክረምት ቆየ። በየወሩ መዝገቡን እናገላብጣለን፤ ቍጥሩ ልክ ስለ ነበረ እንፈርማለን፤ የታችኛውን ረድፍ ጆንያ ግን ጐንበስ ብለን አላየንም። በመጨረሻ 40 ኩንታል እህል ሻግቶ ተገኘ፤ ከመዝገብ የሰረዝነውም እኛው ነን። ያ እህል የሚበላው ሰው የነበረው መሆኑ እስከ ዛሬ ይከነክነናል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ጊዜያዊ መሆን ጕድለት አይደለም፤ የቀድሞ ነገሥታት በድንኳን አገር አስተዳድረዋል። ጕድለቱ ጊዜያዊውን ነገር ተክሎ መርሳት ነው። የጥያ ሐውልት ጠባቂ ባይኖረው እንኳ ብዙ መቶ ዓመት ቆሟል፤ ድንኳን ግን ጠባቂው በተዘናጋ ጊዜ አንዲት ክረምት አይዘልቅም። ስለዚህ ንብረት በዐደራ የተሰጠን ሁሉ ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት ጐንበስ ብለን የታችኛውን ረድፍ እንይ።