«ካምቢዮ» እና «ሴንሰር»፦ የመኪና ቃላት ታሪክ ከጎንደር አንጻር

የመኪና አካላት ስሞች በአማርኛ በአንድ ዘመን የገቡ አይደሉም። «ሹፌር» እና «ጋራዥ» ከፈረንሳይኛ፥ «ካምቢዮ»፥ «ካንዴላ»፥ «ባሌስትራ» እና «ጎማ» ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። «ሴንሰር» ከሁሉም ዘግይቶ ከእንግሊዝኛ መጣ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የኋለኛው ቃል ከቀዳሚዎቹ ጋር ሲገናኝ የተፈጠረውን የትርጉም ችግር ነው።

ምሳሌያችንን ከጎንደር የወሰድነው በምክንያት ነው። የስታራቼ ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዪቱን የያዘው በካሚዮን እየተጓዘ መጥቶ ነው፤ የጄኔራል ናሲ ጦርም በዚያው በጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። በመካከሉ በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ የሚወርደው የመኪና መንገድ ተሠራ። ጣሊያኖች ሲወጡ መንገዱ፥ ፒያሳ የተባለው የሰፈር ስምና የመካኒኩ ቋንቋ ቀሩ። ቃላቱ በጎንደር ብቻ ገቡ ማለታችን ግን አይደለም፤ የአሥመራና የአዲስ አበባ ጋራዦችም ድርሻ አላቸው።

ቃላቱ ሲወረሱ የድምፅ ለውጥ አድርገዋል። የጣሊያንኛው «ካቻቪቴ» «ካቻቢቴ» ሆኗል፤ «ቭ» በ«ብ» መተካቱ የሚጠበቅ ነው። «ፍሪሲዮን» የመጨረሻ አናባቢውን ጥሏል። «ጎሚኒ» የተወሰደው ከብዙ ቁጥሩ ይመስላል፤ እኛ ግን ለአንዱም «ጎሚኒ» እንላለን። «ማርሽ» አከራካሪ ነው፤ አገባቡ ጣሊያንኛውን «ማርቻ» ሲያስታውስ ድምፁ ወደ ፈረንሳይኛው ያደላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ሳይረዳዱ አልቀሩም።

ስሙ የውጭ ይሁን እንጂ ግሡ የራሳችን ነው። ማርሽ ይገባል፤ ፍሪሲዮን ይረገጣል፤ ፍሬን ይይዛል፤ ሞተር ይነሣል። ሹፌሩ ሊማሊሞን ሲወርድ «በከባድ ማርሽ» ይወርዳል፤ ይህን አነጋገር ከጣሊያንኛ የተበደረው አይመስለንም።

አውቶማቲክ መኪና ሲበራከት ግን ነገሩ ተወሳሰበ። በዚህ ዐይነቱ መኪና ማርሹን የሚቀይረው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ውሳኔውን የሚሰጠው በካምቢዮው ላይ የተተከሉ ትንንሽ ሴንሰሮች የጥርሶቹን ዙር ቆጥረው በሚልኩለት ምልክት ነው። ምልክቱ ሲቋረጥ መኪናው ራሱን ለመጠበቅ በአንድ ማርሽ ላይ ይቆያል፤ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚፈልገውን ከባድ ማርሽ ላያገኝ ይችላልና። ባለመኪናው የሚናገረው «ካምቢዮው ተበላሸ» ብሎ ነው። ክፍሉ የራሱ ስም ስለሌለው የሙሉው ስም ዋጠው፤ በዚህም የተነሣ ጤነኛ ካምቢዮ ይወርዳል፥ ይፈታል፥ ገንዘብም ይወጣበታል።

ለዚህ ክፍል ምን ስም ይሰጠው? በአንዳንድ ትርጉሞች የሚታየው «ዳሳሽ» ከ«ዳሰሰ» የወጣ መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን መዳሰስ መንካት ነው፤ ይህ ዕቃ ደግሞ ጥርሱን ሳይነካ በመግነጢስ ኀይል ይለያል። «ሰማ» የሚለው ግሥ ጆሮንም ስሜትንም ስለሚያጠቃልል ይቀርባል፤ ሆኖም «ሰሚ» ብንል አንባቢው ሰው ይመስለዋል። ስለዚህ «ሴንሰር» ባለበት ይቆይ እንላለን። የሚያስፈልገው ቅጽል ነው፤ ይኸውም «የካምቢዮ መግቢያ ፍጥነት ሴንሰር» እና «የካምቢዮ መውጫ ፍጥነት ሴንሰር» የሚል። ተርጓሚ ሁለቱን ካላለያየ አንባቢው የተበላሸውን ትቶ ደኅናውን ይነቅላል።

መመሪያውን ለመተርጐምም የጋራዡ አማርኛ ይበቃል። ሴንሰሩ ከካምቢዮው ውጪ በአንድ ብሎን በታሰረባቸው ሞዴሎች ሥራው በቤት ሊሠራ ይችላል፦ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ፤ ለጎማው ድንጋይ ማስደገፍ፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት፤ የሴንሰሩን ሶኬት መንቀል፤ ብሎኑን በመፍቻ መፍታት፤ የአዲሱን ጎሚኒ ዘይት ቀብቶ መግጠም፤ ሳያጠብቁ ቀጥ ብሎ መግባቱን ማረጋገጥ፤ ብሎኑንም ከመጠን በላይ አለማጥበቅ። ሴንሰሩ ካምቢዮው ውስጥ ከሆነ ግን መመሪያው «ወደ ባለሙያ ይወሰድ» ማለት አለበት፤ ይህንንም ተርጓሚው በኅዳግ ሳይሆን በመጀመሪያው መስመር ላይ ያስፍረው።