ከማግኒዥየም ዱቄት እስከ ሊቲየም ባትሪ፦ የማታ ሠርግ ፍላሽ

ከናይሮቢ ሉቱሊ ጎዳናም ሆነ ከዱባይ ዴይራ ዕቃ ለምናመጣ ሰዎች ፍላሽ ደጋግመን የምናስብበት ዕቃ ነው። ጫማ ልክ ካልሆነ ይለወጣል፤ መጋረጃ ካላማረ በቅናሽ ይሄዳል። ፎቶ አንሺው ተበድሮ የገዛን ፍላሽ ግን ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ አልበራም ቢለው ያቺ ሰዓት አትመለስም። ውጭ አገር ያለው ወንድም ሠርጉን የሚያየው በዚያው ፎቶ ነው፤ አያትም ካረፉ በኋላ የሚቀረው እሱ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ የምናየው ጥሩውም መጥፎውም ከአሠራሩ ታሪክ የመጣ ስለሆነ፣ ታሪኩን ማወቅ ለመግዛትም ይረዳል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ብርሃኑ እሳት ነበር። በ1860ዎቹ የማግኒዥየም ሽቦ እያቃጠሉ ያነሡ ነበር። በ1887 አዶልፍ ሚቴ እና ዮሐንስ ጌዲከ የተባሉ ጀርመናውያን ማግኒዥየምን ከፖታሲየም ክሎሬት ጋር ቀላቅለው ባንዴ ቦግ የሚል ዱቄት ሠሩ። ብርሃኑ ብዙ፣ ጭሱም ብዙ፤ እጁንና ፊቱን የተቃጠለው ፎቶ አንሺም ጥቂት አይደለም። ያንን ዱቄት ሸራ ድንኳን ውስጥ፣ ከነዘፈኑ ከነጭብጨባው፣ ባናስበው ይሻላል።

በ1929 ጀርመን ውስጥ እሳቱን መስታወት ውስጥ የዘጋው አምፖል ለገበያ ቀረበ። ውስጡ ስስ አሉሚኒየምና ኦክስጅን ነው። አደጋውን ቀነሰ፤ ግን አንዱ አምፖል አንዴ በርቶ ይጣላል። ሃምሳ ፎቶ ማለት ሃምሳ አምፖል ነው። ኮዳክ በ1965 አራት አምፖሎችን ባንድ ኪዩብ ቢያቀርብም ሒሳቡ ያው ነበር። በየቤታችን ያሉት የድሮ የሠርግ ፎቶዎች ቁጥራቸው ትንሽ፣ አብዛኞቹም በጠራራ ፀሐይ ወይም በፎቶ ቤት የተነሡ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው የብርሃን ነገር ይመስለናል። አዲስ አበባ ላይ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና እሱን የተከተሉት ልጆቹ ያስለመዱት የፎቶ ቤት ባህል ሙሽራዋን ወደ ብርሃኑ የሚወስድ ነበር። ብርሃኑ ወደ ሙሽራዋ የመጣው ቆይቶ ነው።

ያንን ያስቻለው በ1930ዎቹ የአሜሪካው ኤምአይቲ መምህር ሃሮልድ ኤጀርተን ያዳበረው የኤሌክትሪክ ፍላሽ ነው። ኤሌክትሪክ ካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጋዝ ባለበት ቱቦ ውስጥ ባንዴ ይለቀቃል፣ እንደገና ይሞላል። ዛሬ የምንሸጠው ሁሉ የዚያ ልጅ ነው። በ1970ዎቹ እንደ ቪቪታር 283 ያሉት ከፊት የሚመለሰውን ብርሃን ራሳቸው ለክተው መጥፋት ጀመሩ። ጠንካራ ዕቃ ነው፣ እስከ ዛሬም በሰው ሻንጣ ይመጣል። ግን የቀደሙት ቪቪታሮች ወደ ካሜራው የሚልኩት ከ200 ቮልት በላይ ሲሆን አንዳንድ ዲጂታል ካሜራ የሚችለው 6 ቮልት ብቻ ነው። በርካሽ አግኝተናል ብለን ለልጁ ብንሰጠው ካሜራውን ልናቃጥልበት እንችላለን።

አሁን ወደ ሜዳው ሠርግ። አዳራሽ ውስጥ ፎቶ አንሺው ፍላሹን ወደ ኮርኒስ አዙሮ ብርሃኑን ለስላሳ ያደርገዋል። በካረን አትክልት ቦታ ወይም በጅቡቲ የማታ ሠርግ ግን ኮርኒሱ ሰማይ ነው፤ ወደ ላይ የተላከ ብርሃን አይመለስም። በቀጥታ ሲተኮስ ደግሞ ፊት እንደ ኖራ ይነጣል፣ ጀርባው ጥላሸት ይሆናል። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳልና ከፊት ያለችው ሚዜ ስትነጣ ከኋላ ያሉት እናት ይጠፋሉ።

ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ፍላሽ ከነስታንዱና ከነሬዲዮ ማስተኮሻው ከአንድ ውድ ፍላሽ ይሻላል ባዮች ነን። አንዱ ከጎን በጃንጥላ፣ ሌላው ከኋላ። ንፋስ ባለበት ለጃንጥላው የአሸዋ ከረጢት ወይም ያዥ ልጅ ያስፈልጋል። ለቡድን ፎቶ አቅም የሚፈልግ 200 ዋት ሰከንድ የሆነውን ጎዶክስ ኤዲ200 ይጠይቃል። ብርቱካንማ ፕላስቲክም አይረሳ፤ የድንኳኑ አምፖል ቢጫ፣ ፍላሹ ነጭ ሲሆን ሙሽራዋ ከሌላ ፎቶ ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ሰው ያታልላል። ካነን ከስሙ ይናገራል፤ 580 ማለት የብርሃን ቁጥሩ 58 ነው። ያ ግን ጭንቅላቱ ወደ 105 ሚሊሜትር ሲጠብ ነው። ለቡድን ወደ 35 ሲሰፋ 36 ይሆናል። 36ን ለኤፍ 4 ስናካፍል በአይኤስኦ 100 የሚደርሰው 9 ሜትር ነው፤ አይኤስኦ 400 ላይ 18። ጃንጥላ ሲደረግበት ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። ሻጩ ትልቁን ቁጥር ሲጠራ «በስንት ሚሊሜትር?» ብለን እንጠይቅ።

ፊደሉንም እንይ። በጎዶክስ ሲ ለካነን፣ ኤን ለኒኮን፣ ኤስ ለሶኒ ነው። ተሳስቶ ቢገዛ ቢበራ እንኳ ከካሜራው ጋር ተነጋግሮ ብርሃኑን አይለካም። የሚለካውም ቢሆን በሐበሻ ቀሚስ ይደናገራል፤ ነጩ ነጠላ ክፈፉን ሲሞላው ያጨልማል፣ ጥቁሩ ሌሊት ሲበዛ ፊት ያነጣል። ልምድ ያለው ልጅ በእጁ የሚያስተካክለውም ለዚህ ነው።

ሱቁ ውስጥ በሙሉ ኃይል አሥር አሥራ አምስት ጊዜ እናስተኩሰው። ባለ ሊቲየሙ በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይሞላል። ባለ አራት ድንጋዩ ቀስ ይላል፤ ተራ ድንጋይ ሳይሆን የሚሞላውን ኒኬል ብናደርግበት ይፈጥናል። ሊቲየሙ ያበጠ ከሆነ አንቀበል፣ ትርፍ ባትሪም አብረን እንግዛ፤ ከጭፈራው መሐል ቻርጅ የሚደረግበት ሶኬት የለም። በአውሮፕላን ስንመለስ ትርፉ ሊቲየም የእጅ ሻንጣ ውስጥ፣ ጫፉ በፕላስተር ተሸፍኖ ነው። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከገባ ፍተሻ ላይ ይወጣል፣ ፍላሹ ብቻውን ቤት ይደርሳል።