የመብራቱ ቃልና የቫልቩ እውነት

መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ በሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ፣ ግፊት ለማስተንፈስ የተከፈተ ቫልቭ ተመልሶ ሳይዘጋ ቀረ። በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ ግን አመልካች መብራቱ ጠፋ። መብራቱ ይናገር የነበረው የመዝጊያው ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ በእርግጥ መዘጋቱን አልነበረም። ኦፕሬተሮቹ ተዘግቷል ብለው አመኑ። ከ100 በላይ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች በአንድነት ሲቀሰቀሱም ዋናውን ከተራው መለየት አዳገታቸው። ሌላው አመልካች ውሃው እንደ በዛ ስላሳያቸው፣ የአደጋ ጊዜውን ማቀዝቀዣ ውሃ ቀነሱ። ከ2 ሰዓት በላይ ውሃው በቫልቩ ሲያመልጥ ቆየ፤ የሬአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉም ቀለጠ።

በጥቅምት 1972 ዓ.ም. በጆን ኬመኒ የተመራው ኮሚሽን ባቀረበው ሪፖርት፣ ከመሣሪያው ይልቅ የሥልጠናው፣ የአሠራር መመሪያውና የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ጉድለት ጎልቶ ታየ። ከዚያ ወዲህ የሰሌዳ አቀራረጽ ከሰው ዓይንና ከሰው አእምሮ አቅም ጋር መመዘን ጀመረ።

ትምህርቱ በኑክሌር ብቻ የሚወሰን አይደለም። በጋምቤላ፣ በአቦቦ ወረዳ፣ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች ተሳትፎ የተሠራው የአልዌሮ ግድብ፣ 10,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ እንዲያለማ የታቀደ ነበር። እንዲህ ባለ ግድብ የውሃ መውጫውን በር የሚጠብቀው ሠራተኛ ሊያይ የሚገባው፣ የተላለፈውን ትእዛዝ ሳይሆን በሩ በእርግጥ የቆመበትን ከፍታ ነው። ከግድቡ በታች ሰውም ከብትም ይኖራልና።