«ለምን ላከችለት?» ወይስ «ለምን በተነው?»፦ የገመና ምስል ሕግ በአሜሪካ ግዛቶች

የአንድ ሰው የገመና ምስል ያለ ፈቃዱ ሲሰራጭ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ለምን ላከችለት?» የሚል ነው። «እሱስ ለምን በተነው?» የሚለው ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ይህ የእኛ ሰፈር አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ሕግ አውጪዎችም ለብዙ ዓመታት በመጀመሪያው ጥያቄ ታስረው ቆይተዋል። ዛሬ የምናወጋችሁ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንዴት እንደተሻገሩ ነው። የአሜሪካውን ታሪክ የምንነግራችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ ከኢንተርኔት በፊት ይጀምራል። በኒውዮርክ አንድ የዱቄት ኩባንያ የአንዲትን ወጣት ፎቶ ሳያስፈቅዳት 25,000 በሚደርስ ቅጂ አሳትሞ ማስታወቂያ አደረገው። ወጣቷ ከሰሰች። በ1902 የግዛቲቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት 4 ለ3 በሆነ ድምፅ ክሷን ውድቅ አደረገ፤ ፎቶዋ እንዳይበተን የሚያስከብር መብት በሕግ አላገኘንም አለ። ሕዝቡ ተቆጣ። በዓመቱ፣ በ1903፣ የግዛቲቱ ምክር ቤት የሰውን ስምና ምስል ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ለንግድ መጠቀምን ከለከለ። ልብ በሉ፤ የተከለከለው ለንግድ መጠቀም ነው። ሰውን ለማዋረድ ወይም ለመሳቅ ብሎ ምስል የሚበትን ሰው በዚህ ሕግ አይነካም ነበር።

ኢንተርኔት ሲመጣ ቀዳዳው ሰፋ። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ ድረ ገጾችን ተጠቃሚዎች ለሚለጥፉት ነገር በአብዛኛው ተጠያቂ እንዳይሆኑ አደረጋቸው። ለዚህ ድርጊት ራሱን የቻለ የወንጀል ሕግ በማውጣት ቀዳሚ የምትባለው ኒውጀርሲ ናት። በ2004 ሥራ ላይ የዋለው ሕጓ የሰውን የእርቃን ምስል ያለ ፈቃዱ ያሰራጨ ከ3 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ ግን ወደ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከጥቂቶች በስተቀር ግዛቶቹ ዝም አሉ።

በዚህ ዝምታ መሀል፣ ከ2010 ወዲህ፣ ሥራቸው ይኸው ብቻ የሆነ ድረ ገጾች ተከፈቱ። የሴቶችን ምስል ከነሙሉ ስማቸው፣ ከነከተማቸው፣ ከነፌስቡክ አድራሻቸው ይለጥፉ ነበር። በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ አንዱ ባለቤት ምስል የሚያሰቅልበት አንድ ድረ ገጽ፣ «እናጠፋላችኋለን» ብሎ ገንዘብ የሚቀበልበት ደግሞ ሌላ ድረ ገጽ ነበረው። በ2015 18 ዓመት ተፈረደበት፤ የእስሩ ጊዜ በኋላ ተቀንሷል። የተፈረደበት በምን ወንጀል ይመስላችኋል? በማንነት ስርቆትና አስፈራርቶ ገንዘብ በመቀበል ነው። ገመናን የመበተኑ ነገር ዐቃቤ ሕግ በቀጥታ የሚይዝበት አንቀጽ አልነበረውም።

ካሊፎርኒያ በ2013 ሕግ አወጣች። ሕጉ ግን የሚቀጣው ምስሉን ራሱ ያነሳውን ሰው ብቻ ነበር። ሴትዮዋ በገዛ ስልኳ ያነሳችውን ሰልፊ አምናው ለአንድ ሰው ከላከችና ያ ሰው ከበተነው ሕጉ አይደርስበትም። «ለምን ላከችለት?» የሚለው ጥያቄ በአንቀጹ ውስጥ ተደብቆ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ስህተቱ በ2014 ተስተካከለ።

ሁለተኛው ቀዳዳ ከስሙ የመጣ ነው። ድርጊቱን «ሪቬንጅ ፖርን» ማለትም የበቀል ፖርኖግራፊ ስላሉት ብዙ ግዛቶች «ለመጉዳት አስቦ ካደረገው» የሚል ቅድመ ሁኔታ አስገቡ። ለገንዘብ፣ ለጨዋታ፣ ላይክ ለመሰብሰብ ያደረገው «የመጉዳት ሐሳብ አልነበረኝም» ብሎ ያመልጣል። በ2015 ሥራ ላይ የዋለው የኢሊኖይ ሕግ ይህን ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም። ለተጎዳችው ሴት የበታኙ ምክንያት ምን ይለውጥላታል?

ተከሳሾች በበኩላቸው «የመናገር ነፃነታችን ተነካ» ብለው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። የቬርሞንት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018፣ የኢሊኖይ በ2019፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የሚኒሶታ ደግሞ በ2020 ማብቂያ ላይ ሕጎቹን አጸኑ። ክርክሩን በቀላሉ ስናስቀምጠው እንዲህ ነው፦ የሕክምና መዝገብህን ለሐኪም ማሳየትህ ለከተማው ሁሉ እንዲነበብ መፍቀድ አይደለም። ለአንድ ሰው የተሰጠ ፈቃድ ለሺህ ሰው አይተርፍም። እኛ አማና የምንለው ይህንኑ አይደል?

ማሳቹሴትስ በ2024፣ የመጨረሻዋ ሳውዝ ካሮላይና በግንቦት 2025 ሕግ ሲያወጡ 50ዎቹም ግዛቶች ተሟሉ። ከኒውጀርሲ እስከ ሳውዝ ካሮላይና 21 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በዚያው ወር የወጣ የፌዴራል ሕግ በኤአይ የተሠሩ የሐሰት ምስሎችንም ጨመረ፤ መድረኮችም ባለቤቱ ባመለከተ በ48 ሰዓት ውስጥ ምስሉን እንዲያነሱ አዘዘ።

የእኛስ አገር? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥን ይከለክላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅም ምስል እበትናለሁ ብሎ ማስፈራራትን ይቀጣል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ዛቻ የተያዘች እህት ወይም ወንድም ካለ ብቻውን አይደለም። ገንዘብ ቢከፈል ጠያቂው ተመልሶ ይመጣል። የዛቻውን መልእክት ሳያጠፉ ማስቀመጥ፣ ለሚያምኑት ሰው መንገርና ወደ ፖሊስ መሄድ ይሻላል።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከስልክ የወጣ ምስልማ ከዚያም ይርቃል። የትኛውም ሕግ የተበተነውን ሁሉ መልሶ አይሰበስብም። ሆኖም ምስሉ ከአንድ ስልክ ወደ ሺህ ስልክ የሚደርሰው በመጀመሪያው በታኝ ብቻ አይደለም። ቴሌግራም ላይ «እዩት እስቲ» ብሎ የሚያስተላልፍ ጓደኛም የበተነ ነው። ምስሉ እጃችን ሲደርስ እናጥፋው፤ ላኪውንም «ይህን ለምን በተንከው?» እንበለው። የልጅቷን ጠባይ መመርመር ግን የእኛ ሥራ አይደለም።