የአውሬዎች ጨዋታ በመኳንንት ፊት

የቴአትር ጨዋታ ወደ ሀገራችን በምን መንገድ ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ ነገሩን በአዲስ አበባ ከተማ ቴራስ ይባል በነበረው ሆቴል ውስጥ ያገኘዋል። በዚያ ቤት በ1913 ዓ.ም. ገደማ መኳንንቱ ተሰብስበው፥ ሰዎች የአራዊትን ስም ይዘው እንደ ሰው ሲነጋገሩ ተመለከቱ። የጨዋታው ስም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነበር። ኮሜዲያ ማለት በሳቅ ነውርን የሚገልጥ ጨዋታ ነው። ጥቂት ቆይቶም ከንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ትእዛዝ ወጣና ጨዋታው እንዳይታይ፥ የታተመውም መጽሐፍ እንዲሰበሰብ ተደረገ። እነሆ፥ የኢትዮጵያ ቴአትር በተወለደ ጊዜ የመጀመሪያው ፍርድ ይህ ነበር።

ደራሲው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. የተወለዱ፥ ከዐድዋ ዘመቻ በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ መስኮብ አገር ሄደው በዚያ የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። ኋላ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፥ ጣልያን በተነሣብንም ጊዜ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ እሳቸው መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። ከውጭ ሀገር ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባ ቴአትር እየተባለ የሚታየውን ቢያዩ፥ የአዝማሪ ዘፈንና ጭፈራ ሆኖ አገኙት። በአውሮፓ ያዩት ቴአትር ግን የሰውን ጠባይ እያሳየ የሚያስተምር ነበርና፥ እውነተኛው ይህ ነው ብለው ለማሳየት ብዕራቸውን አነሡ። ስለዚህም በመጽሐፉ መግቢያ ቴአትር ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ አስረዱ። ነገሩንም ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን ተረቶች ወሰዱ። እነዚያ ተረቶች እ.ኤ.አ. ከ1668 ጀምሮ የታተሙ ሲሆኑ፥ ሥራቸው ከኤሶጵ ነው። ወጣትነታቸውን ባሳለፉበት በመስኮብ አገርም ክሪሎቭ የሚባለው ባለቅኔ ይህንኑ የእንስሳት ተረት በቋንቋው ጽፎ ነበርና፥ የመስኮብ ልጅ ሁሉ እርሱን እየተማረ ያድጋል።

አንባቢ ሆይ፥ አውሬ ሲናገር መስማት ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር ነበርን? አልነበረም። ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የአራዊትን ጠባይ እየተረከ ምሥጢር ያስተምራል። አያ ጅቦና እመት ጦጢት በእሳት ዳር ሲከራከሩ ያልሰማ ልጅ የለም። ቅዱስ መጽሐፍም ቢሆን ምሳሌን ለነገሥታት ወቀሳ አውሎታል። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት ገብቶ የድኻውን በግ ነገር በነገረው ጊዜ፥ ዳዊት በሌላ ሰው የፈረደ መስሎት በራሱ ላይ ፈረደ፤ ተጸጸተም። ኢዮአታም ግን በመጽሐፈ መሳፍንት በ9ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ንጉሥ የፈለጉትን የዛፎች ምሳሌ በገሪዛን ተራራ ራስ ቆሞ ለሕዝቡ ሁሉ ጮኸ፤ ከዚያም ሸሽቶ አመለጠ።

የፋቡላ ነገር ከእነዚህ ከሁለቱ በኢዮአታም በኩል ያለ ይመስለኛል። በቅኔ ማኅሌት ሰምና ወርቅ ሲነገር፥ ወርቁን የሚያገኘው እያንዳንዱ ሰሚ በልቡ ነው። የተነካው ሰው እንዳልገባው ሆኖ ሊያልፈው ይችላል፤ ባለቅኔውም እኔ ያልሁት ሰሙን ነው ብሎ ይድናል። በቴአትር ቤት ግን ይህ መሸሸጊያ የለም። ሁሉም በአንድ ቤት ተቀምጦ አንዱን ነገር ባንድ ጊዜ ያያል። የሳቀው ሰው እንደ ገባው ይታወቃል፤ ጎረቤቱም ወደ ማን እያየ እንደ ሳቀ ያስተውለዋል። በጨዋታው ውስጥ ያለው ወቀሳ የአስተዳደርን ጉድለትና የሹማምንትን ነውር የሚነካ ነበረና፥ ክፋቱ በቃሉ ብቻ ሳይሆን በሳቁ ኅብረት ሆነ። እንግዲህ የቤተ መንግሥት ቍጣ የአውሬው ስም ያመጣው አይደለም፤ ሰዎች አብረው የሳቁበት መሆኑ ነው እንጂ።

በዚህ ብቻ ንግሥቲቱን መውቀስ ግን ከዘመኑ ችግር ጋር ያልተመዘነ ፍርድ ይሆናል። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱና የሰገሌ ጦርነት ከተደረገ ገና ጥቂት ዓመት ነበር፤ እሳቸውም የተያዙት በ1913 ዓ.ም. ነው። ዘውዱ በንግሥቲቱ፥ የአልጋ ወራሽነቱ በራስ ተፈሪ፥ የጦሩ ኃይል ደግሞ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ እጅ ነበረ። እንዲህ በተከፋፈለ ግቢ ውስጥ፥ አንበሳው ማን ነው፥ ቀበሮውስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ የቀልድ ጥያቄ አይሆንም። የሆነ ሆኖ መጽሐፉን ከሰው እጅ መሰብሰብ፥ ያላነበበውን ሰው ሁሉ ምን ተጽፎበት ይሆን ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው።

በሌላው ዓለምም የሳቅ ጨዋታ እንዲሁ የተለያየ ፍርድ አግኝቷል። ሞልየር የግብዝ መንፈሳዊነትን ነውር የሚገልጠውን «ታርቱፍ» እ.ኤ.አ. በ1664 በቬርሳይ ባሳየ ጊዜ፥ የፓሪስ ሊቀ ጳጳስ ተቃወሙትና ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ከለከለው፤ በነጻነት ለሕዝብ የታየው በ1669 ነው። አንዳንዶቹ ሃይማኖት ተነካ አሉ፤ ሌሎቹ የተነካው ግብዝነት ነው አሉ። ለካህናት አንባቢዎች ይህ ክርክር ሳያስተውሉት የሚታለፍ አይደለም፤ ጌታችንም ግብዞችን ሲገሥጽ ቃሉን አላለዘበምና። ጎጎል ደግሞ በመስኮብ አገር የሹማምንትን ጉቦና ማታለል የሚያሳየውን ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1836 አወጣ። ቄሳሩ ኒቆላስ 1ኛ በመጀመሪያው ቀን ተገኝቶ ሳቀ። ብዙ ሹማምንት ግን ስም ማጥፋት ነው ብለው ተቈጡ፤ ደራሲውም በወቀሳው አዝኖ በዚያው ዓመት ወደ ውጭ ሀገር ሄደ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የተማሩት ይህ ጨዋታ በታየበት ከተማ ነው። በዚያ ንጉሡ ሳቀና ሹማምንቱ ተቈጡ፤ በእኛ ሀገር ግን የክልከላው ትእዛዝ ከዙፋኑ ወጣ።

ስለ ጨዋታው ስለ ራሱ ጥቂት ልናገር። የአውሬ ተረት በባሕርዩ አጭር ነው፤ ቀበሮ ምንጊዜም ተንኰለኛ፥ አህያም ምንጊዜም ተበዳይ ናት። የሰው ልብ ሲለወጥ ማየት የሚፈልግ ተመልካች ይህን በአውሬ ላይ ሊያገኘው አይችልም። ፋቡላን ለመድረክ መጀመሪያነቱ የሚያከብሩት ሰዎች እውነታቸውን ነው፤ ኮሜዲያ ለመሆን ግን ገና ሰው ይጎድለዋል የሚልም ቢኖር አልቃወመውም። ተረቱ ለፈሪ ጊዜ የተመረጠ መሸፈኛ ነበር፤ መሸፈኛነቱም አልበቃ አለው።

ሲኒማም ወደ ከተማችን በገባ ጊዜ የገጠመው ነገር ከዚህ አይርቅም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው፤ ሥፍራውም ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ነው። በጨለማ ቤት ግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ ማየት የሚያስደነግጥ ነበርና ስሙ አይገርምም። ይሁን እንጂ ይህን ስም ያወጣው ሕዝብ ራሱ ነው፤ የፋቡላን ፍርድ ግን ግቢው ሰጠ።

ቴአትር እንደ ገና የተነሣው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑበት ዘመን ነው። ያነሡትም የትምህርት ቤት ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ይጠቀሳሉ። ዮፍታሔ በጎጃም በደብረ ኤልያስ ተወልደው ቅኔን የተማሩ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ናቸው። በክልከላ የተዘጋው በር በቅኔ ተማሪ እጅ መከፈቱን ልብ ማለት ይገባል። ሰምና ወርቅን የሚያውቅ ሰው፥ ምን ያህሉን ገልጦ ምን ያህሉን ሸፍኖ በአደባባይ መናገር እንደሚቻል ከትምህርቱ ያውቃልና።

ያን ጊዜ በከተማው በስተደቡብ ያለው የላፍቶ አገር የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር፤ ቴራስ ሆቴል የታየው ጨዋታ ወሬው እንኳ ወደዚያ ለመድረስ ቀናት ሳይፈጅ አልቀረም። ዛሬ በዚያው በላፍቶ ኮሜዲ የሚባለውን ፊልም የሚመለከት ወጣት፥ ብዙ ጊዜ በእጁ በያዘው ስልክ ብቻውን ሆኖ ያየዋል። ቢስቅም የሚሰማው የለም፤ በማን እንደ ሳቀም የሚያውቅበት የለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. አረፉ። የሕይወታቸውን ታሪክ በእጃቸው ጽፈው ትተው ነበርና፥ እሳቸው ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ለአንባቢ ደረሰ።